የላስታን ተራራ ማን ጻፈው?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ጋር ይተዋወቃል። «ዋልደን» የተባለው መጽሐፉ በሙሉ ባይነበብ ጥቂት ገጾቹ ይነበባሉ። ሰውየው ጫካ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ብቻውን እንደኖረ፣ ባቄላ እንደዘራ፣ ስለ ኑሮ እንደተፈላሰፈ ይነገራል። ከዚያ የጽሑፍ ሥራ ይታዘዛል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አካባቢው ተፈጥሮና ስለ ግል ፍልስፍናው እንዲጽፍ። ልጁ ከላስታ የመጣ ከሆነ ነገሩ ይከብደዋል። የአቡነ ዮሴፍን ተራራ እያየ ስላደገ ተራራ አላጣም፤ ያጣው አርአያ ነው። በራሱ ቋንቋ፣ ስለ ራሱ ደጋ፣ ተራራውን እንደ ተራራ ቆጥሮ የጻፈለት ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «የለንም» ይላል፤ ጽሑፋችን ሁሉ የሃይማኖት ነው፣ ተፈጥሮ የገባችበት ለስብከት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «ቶሮ ሳይወለድ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ዘርዓ ያዕቆብ ዋሻ ገብቶ ተፈላስፏል» ይላል። ሁለቱም የችኮላ መልሶች ናቸው። ጉዳዩ ቁጭ ተብሎ፣ ከቅኔ ቤት እስከ ቀይ ቀበሮ ጠባቂ ድረስ ቢዳሰስ የሚገኘው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የቶሮን ሥራ በልኩ እናስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ1845 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ዋልደን ከሚባል ኩሬ ዳር ትንሽ ቤት ሠርቶ ገባ። የኖረበት ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው። መሬቱ የመምህሩና የወዳጁ የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ነበር። ኤመርሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1836 «ተፈጥሮ» የምትል አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሟል። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በዓይን የሚታይ ነገር ሁሉ በመንፈስ ዓለም ላለ ነገር ምልክት ነው የሚል ነው። ይህን የዋድላ ቅኔ መምህር ቢሰማ «ይህማ የኛ ነው» ባለ ነበር፤ ኤመርሰን ከሰሙ ይልቅ ወርቁን የሚያሳድድ ሰው ነውና። ቶሮ ግን ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ኩሬውን ለካው። የአገሩ ሰው ኩሬው ወለል የለውም ይል ነበር፤ ቶሮ 102 ጫማ፣ ማለትም 31 ሜትር ያህል ሆኖ አገኘው። ከለካ በኋላም ከጥልቀቱ ምሳሌ ማውጣቱን አልተወም። አስቀድሞ ግን ለካ። «ዋልደን»ን ከኤመርሰን መጽሐፍ የለየው፣ እ.ኤ.አ. በ1854 ከታተመም ወዲህ እስካሁን የሚያስነብበው ይህ ቅደም ተከተል ይመስለኛል።

እንግዲህ በላስታና በዙሪያው አስቀድሞ የለካ፣ ወደ ምሳሌው ከመሻገሩ በፊት ቆሞ ያየ ማን ነው?

ከዘርዓ ያዕቆብ መጀመር ግድ ነው፤ የተከዜ ወንዝ ነገርም ወደ እርሱ ይመራል። ተከዜ የሚነሳው ከላስታ ተራሮች ነው። በላሊበላ ዙሪያ የሚወርደው ጎርፍ ብዙው መጨረሻው እዚያ ነው። «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ የአክሱሙ ሊቅ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጠላት ተከሶ ሲሸሽ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ሸዋ አቅጣጫ ተጓዘ። ከተከዜ ወንዝ አጠገብ፣ ከጥልቅ ገደል ሥር ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ተቀመጠበት። አውሬ እንዳይበላው በድንጋይና በእሾህ አጠረው። በገበያ ቀን ወጥቶ ባሕታዊ መስሎ ይለምናል፤ የሰጡትን ይዞ ይመለሳል። ቶሮም ወደ ኮንኮርድ እየተመላለሰ ወሬ ይሰማና እናቱ ቤት ይበላ እንደነበር ሲነገር ብዙ ሰው ይስቅበታል። ዘርዓ ያዕቆብ ላይ የሚስቅ አላየሁም፤ ሳይወድ የገባ ስለሆነ ይመስለኛል።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ዘርዓ ያዕቆብ ከሊቃውንት ጋር ሳለ ካወቀው ይልቅ በዋሻው ብቻውን ሆኖ ያወቀው እንደሚበልጥ በግልጽ ይናገራል። በዋሻው ስለ ፈጣሪ መኖር፣ ስለ ጾም ሕግ፣ ስለ ምንኩስና፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሃይማኖቶች መለያየት መረመረ። መለኪያው የልቡና ብርሃን ነው። በሃሳብ ድፍረት ቶሮ አይደርስበትም፤ ቶሮን ቢበዛ ለአንድ ሌሊት እስር ቤት አሳደሩት፣ ሐተታው ግን በዚያ ዘመን ቢነበብ ነፍስ የሚያስጠፋ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉን አገላብጣችሁ ብትፈልጉ አንድ የተከዜ ወፍ አታገኙም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ምን ይመስል እንደነበር፣ ዋሻው ደጃፍ ላይ ምን ዛፍ እንደበቀለ፣ በሌሊት የሚሰማው የጅብ ይሁን የነብር ድምፅ አይነገርም። ዋሻው ያማረ ነበር ይለናል፤ ከዚያ ወደ ሐሳቡ ይገባል። ሱስንዮስ ሲሞትም ወጥቶ እንፍራዝ ወረደ፤ ሀብቱ ከተባለ ባለጸጋ ቤት ጽሕፈት እየጻፈ ልጆች አስተማረ፣ አገባ፣ ወለደ። ገደሉን አልናፈቀም። ዋሻው ለእርሱ ጸጥታ የሚገኝበት ቦታ ነበር እንጂ የሚጻፍለት ነገር አልነበረም።

የመጽሐፉ እውነተኛነት ክርክር እንዳለበት የታወቀ ነው። ቅጂዎቹ ወደ አውሮፓ የደረሱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በጣልያናዊው ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጸሐፊው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው አለ። ክሎድ ሳምነር ደግሞ ዕድሜያቸውን ያዋሉት ኢትዮጵያዊነቱን በመከላከል ነው። ጌታቸው ኃይሌም ከጥርጣሬ ወደ መቀበል መጥተዋል። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ልተውና አንድ ነገር ብቻ ጣል ላድርግ፦ ገጣሚው ሁሉ ስለ ፏፏቴና ስለ ገደል በሚያለቅስበት ዘመን ያደገ አውሮፓዊ ቢጽፈው ኖሮ ተከዜን እንዲህ በዝምታ ያልፈው ነበር? ማስረጃ አይሆንም፤ እኔን ግን ያሳስበኛል። የዘርዓ ያዕቆብ ዝምታ የቅኔ ቤት ልጅ ዝምታ ይመስላል። ስለ ትምህርቱ ሲተርክም አራት ዓመት ሰዋስውና ቅኔ እንደተማረ ይነግረናል።

የቅኔ ቤቱን ከማየታችን በፊት ግን ድጓ አለ። ተፈጥሮ በጽሑፋችን የለችም የሚሉ ሰዎች ክረምቱ በድጓ እንዴት እንደተከፋፈለ ቢያዩ አፋቸውን ይይዛሉ። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ይህ የዜማ መጽሐፍ ዓመቱን በወቅት ይከፍላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በዚያ ውስጥ መጀመሪያ ዘርና ደመና ይዘመራሉ። በሐምሌ ሦስተኛ ሳምንት ላይ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል ይገባሉ። ከነሐሴ 10 ጀምሮ ዕጓለ ቋዓት፣ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፣ ከደሴቶች ጋር ይታሰባሉ። የክረምቱ ጭለማ ሲገፈፍ ጎህና ነግህ ይመጣሉ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ የአበባው ወቅት፣ ዘመነ ጽጌ ነው። አሜሪካዊው የደን ሰው አልዶ ሊዮፖልድ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመለት መጽሐፍ በዊስኮንሲን ያለ አንድ ያረጀ እርሻን ከጥር እስከ ታኅሣሥ በየወሩ እየተከተለ ስለሚሄድ በተፈጥሮ ጽሑፍ ዓለም እንደ ታላቅ ፈጠራ ይወደሳል። የላሊበላ ደብተራ ይህን ቢነግሩት ብዙም አይደነቅም፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለቁራ ጫጩት ይዘምራል።

ይሁን እንጂ ድጓው ያው ድጓ ነው። በላሊበላም፣ በአክሱምም፣ ቆላ ወርዶም የሚዘመረው አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ ወይም በልግ የሚባለው መጋቢት 26 ይገባል፤ የላስታ ደገኛ ገበሬ ግን ለበልግ ገብሱ ከየካቲት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። የቁራው ጫጩትም የመጣው ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በአሸተን ማርያም ገደል ላይ ጎጆ የሠራውን ቁራ ወጥቶ ያየ ሰው አምጥቶት አይደለም። ድጓ ወቅቶችን በሥርዓት አደራጅቷል፤ ሥርዓቱ የሰማይ ነው፣ የቦታ አይደለም።

ቦታ የሚገባው በቅኔ ነው፤ የዚህ ዳሰሳ ልብም እዚህ ላይ ነው። በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከሚነሳ ሦስት ቤቶች አንዱ ዋድላ ነው፤ ሁለቱ ዋሸራና ጎንጅ ጎጃም ናቸው። ዋድላ ደግሞ የላስታ ጎረቤት ነው። የዋድላ ቅኔ ተማሪ ኑሮ ከቶሮ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ያመጣል። ጎጆውን ራሱ ይሠራል። ትምህርቱ ግን ልዩ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፣ ምሥጢሩን ይፈታል፤ ከዚያ ጉባኤው ይበተናል። እያንዳንዱ ተማሪ ሰው ወደማይደርስበት ሄዶ፣ ከዛፍ ሥር ወይ ከቋጥኝ ጥግ ተቀምጦ፣ ቅኔ ይቆጥራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑ ሩቅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ መንገደኛ አያናግረውም። ሲመሽ የቆጠረውን ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ከተበላሸ ይታረምለታል ወይ ይመለስበታል። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በየደረጃው እየወጣ መወድስ ይደርሳል። ወጣት ሰውን በየቀኑ ብቻውን ወደ ሜዳ የሚያወጣ፣ ማታ ደግሞ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ ብዙ የለም። ቶሮ ሁለት ዓመት በፈቃዱ ያደረገውን የዋድላ ልጅ ለዓመታት በግዴታ ያደርገዋል።

ታዲያ ሜዳ ሲውል ያያል? ያያል፤ ማየትም አለበት። ሰም ከመጽሐፍ ታሪክ ሊወሰድ ይችላል፤ ከንብ፣ ከእሳት፣ ከወንዝ፣ ከእርሻ ሥራም ይወሰዳል። ሰሙ ከወርቁ ጋር ካልገጠመ ቅኔው ወደቀ። የላስታን ጅብራ እንውሰድ። ከአቡነ ዮሴፍ ከፍታ ላይ የሚበቅለው ይህ ተክል ዘመኑን ሙሉ ቅጠሉን ሰብስቦ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ ያወጣል፤ ከዚያ ይሞታል፣ ግንዱ ደርቆ ይቆማል። አንድ ተማሪ ሰማዕትን በጅብራ ሊመስል ቢፈልግ የሚያብበው አንዴ መሆኑን፣ ካበበ በኋላ መድረቁን ማወቅ አለበት። ይህን በብራና አያገኘውም። ወይ ወጥቶ አይቶታል፣ ወይ ከእረኛ ሰምቷል። ስለዚህ ቅኔ በተማሪው ላይ የሚያደርሰው ነገር አለ፦ አንድን ነገር እንደሚገጥም እስኪያረጋግጥ ትክ ብሎ እንዲያየው ያስገድደዋል። ይህ የቶሮ ገመድና ድንጋይ ነው።

ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ወርቅ አንጥረኛው ጭቃ ውስጥ ያስቀመጠው ሰም ወርቁ ሲፈስ ቀልጦ ይወጣል፤ የቅኔም ሰም እንዲሁ ነው። ቅኔው በተፈታ ጊዜ አድማጩ የሚደሰተው ወርቁን በማግኘቱ ነው፤ ጅብራው ሥራውን ጨርሶ ተሰናብቷል። በዚያ ላይ ቅኔ የዕለት ነው፤ ያደረ ቅኔ ይዞ ማኅሌት መቆም ነውር ነው። የታላላቆቹን ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሰብስበው አሳትመዋል፣ አለቃ አድማሱ ጀምበሬም «መጽሐፈ ቅኔ»ን ትተውልናል። በዋድላ ቋጥኞች ሥር በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በየቀኑ የቆጠሩት ግን ማታ ተነግሮ ቀርቷል። ስንት የላስታ ዛፍ፣ ስንት አሞራ፣ ስንት ዓይነት ውርጭ በዚያ አለፈ? የተማሪውን ኑሮ በስድ ንባብ ማግኘት የሚፈልግ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን ያንብብ፤ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ያወረዱት፣ በ1959 ዓ.ም. የታተመ ድንቅ መጽሐፍ ነው። እዚያ ግን ጎልቶ የሚታየው ሰው ነው፤ መምህሩ፣ ጓደኛው፣ ቀልዱ፣ ሙግቱ። አገሩ መንገድ ነው፤ ይታለፋል።

ስለ ገድላት ብዙ አልልም። ገድለ ላሊበላ በሕፃኑ ዙሪያ የተሰበሰበውን የንብ መንጋ ይተርካል፤ ንቦቹ የመጡት ስለ ንግሥናው ሊመሰክሩ ነው፣ ማር ሊሠሩ አይደለም። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ከእንጨትና ከድንጋይ ተደራርቦ ታንጾ፣ ዙሪያው ጥድ ለብሶ ቆሟል፤ በነአኩቶ ለአብ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገበታ ተጠራቅሞ ጸበል ይሆናል። በእነዚህ ቦታዎች ከጽሑፉ ይልቅ እጁ ብዙ ያውቃል። የላሊበላን አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉ ሰዎች ድንጋዩ የት እንደሚሰነጠቅ፣ የክረምቱ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ አውቀው ቦዩን ቁልቁል እየመሩ አውጥተውታል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይን እንደዚያ ያነበበ ሰው አንድ ገጽ እንኳ ስለ ድንጋዩ አለመተዉ ያስቆጨኛል። ገድሉ መላእክት አገዙ ይላል። መላእክቱን አልጠላም፤ የጠራቢው ማስታወሻም ቢኖር ደስ ባለኝ።

የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመጣው መልእክተኛ ቡድን ጋር ገብቶ ስድስት ዓመት ቆየ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። ስለ ላሊበላ ከጻፈ በኋላ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቶ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ስለ አንበጣ መንጋ የጻፈው ግን እስካሁን ያስደነግጣል፤ በዚያ ክፍል ምሳሌ አይፈልግም፣ ያየውን ይነግራል። በተቃራኒው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ። በአማራ ተራሮች መካከል የተዘጋ የደስታ ሸለቆ ፈጥሮ ስለ ሰው ደስታ ይፈላሰፍበታል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሱት አንባቢያችን ያውቀዋል። ተራራችን ለአውሮፓውያንም ሰም ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው፤ የነሱም ወርቅ ሲወጣ ተራራው ቀልጦ ቀርቷል።

ከተጓዦቹ ሁሉ የሚገርመኝ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ ነው። ዲፕሎማት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የጥንዚዛ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳተመው ስለ ላሊበላ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ጥንዚዛ ለማየት የሠለጠነ ዓይን ሕንፃ ላይ ሲያርፍ መለካትና መሳል እንደማይተው ሥራው ይመሰክራል። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ደግሞ ከምጽዋ ተነስታ በቅሎ እየጎተተች በእግሯ ላስታን አቋርጣለች፤ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ። ስለ ደጋችን ብርሃንና ስለ ገደሉ ጠርዝ የጻፈችውን ያህል ሰሜን ወሎን በእግሩ ሄዶ የጻፈ የአማርኛ ደራሲ ብትጠይቁኝ ዝም እላለሁ። ሆኖም መንገደኛ መንገደኛ ነው፤ ዓመት አይቀመጥም፣ በልግ ሲቀር አያይም።

የበልግ መቅረት ነገር ሲነሳ የቶሮ ዓይነት ጽሑፍ ላስታ ላይ ለምን ጉሮሮ እንደሚያንቅ ይገባል። «ዋልደን»ን የጻፈው ሰው ባቄላው ባይበቅል አይራብም። ለላስታ ገበሬ ግን ደመና የሚታይ ውበት ከመሆኑ በፊት ፍርድ ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃቦች ወሎን በዓለም ፊት ያስጠሩ ናቸው። ስለዚህ ነገር ከልብ የጻፉት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሳይሆኑ የመልክዓ ምድርና የታሪክ ሰዎች ናቸው። መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡ ከዝናብ ይልቅ ከሥርዓቱ የመጣ መሆኑን እየቆጠሩ አሳዩ፤ ጄምስ ማካን በ1987 የሰሜን ወሎን ገጠር ከ1900 እስከ 1935 ተከትሎ ድህነት እንዴት ወደ ረሃብ እንደተሻገረ ጻፈ። ሁለቱንም የተፈጥሮ ጽሑፍ ብሎ የሚመድብ የለም፤ እኔ እመድባለሁ። መሬቱን፣ በሬውን፣ ዝናቡን ትክ ብለው አይተዋል፤ ለምሳሌ ብለውም አልተሻገሩትም። የሚያሳዝነው ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ረሃቡን ያየው ገበሬ ራሱ በእንጉርጉሮና በቅሬታ ግጥም ብዙ ብሏል፤ ከወሎ ቅኝቶች አንዱ በተራራ ስም አምባሰል መባሉ ለምን እንደሆነ ሙዚቀኞች ይንገሩን።

ወደ ዘመናዊው የአማርኛ ድርሰት ስንመጣ ተፈጥሮ መጋረጃ ሆና ትሰቀላለች። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ከቅኔ ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ አዋቂ ናቸው፣ ግን ዓይናቸው በባላባትና በጭሰኛ፣ በሴትና በወንድ ላይ ነው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ከዚህ ይለያል። የጣርማ በርና የአርማንያ ገደል፣ ጉሙ፣ የነፋሱ ጠባይ እንደ ገጸ ባሕርይ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዳንድ አንባቢ «ትረካው ይንዛዛል» ብሎ የሚያልፈው ገጽ ለኔ የመጽሐፉ ክብር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ዓባይንና አዋሽን በስማቸው ጠርቶ አናገራቸው፤ ወንዞቹ ግን ስለ አገር ሸክም እንጂ ስለ ውሃ አልመለሱለትም። ፍቅረ ማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን ይዞ ወደ ሐመር ወረደ፤ ከደጋ የወጣ አማርኛ ቆላን በፍቅር ሲያይ እዚያ ተገኘ። ይህ ሁሉ ሸዋ፣ ጎጃምና ደቡብ ኦሞ ነው። ላስታ ተራዋን እየጠበቀች ነው።

አንድ ሰው ግን ለየብቻ መነሳት አለበት። ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በሙያው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን፣ በተለይ የደቡብ ጎንደሮቹን፣ ዛፍ በዛፍ ቆጥሮ አጥንቷል። አራሽና ከብት ዙሪያውን እየገፋው ደኑ ሲጠብ ምን እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ደኑን ለመታደግ በተሠራው የድንጋይ አጥር ሥራም እጁ አለበት። ይኸው ሰው «እመጓ»ን፣ «ዝጎራ»ን፣ «መርበብት»ን እና «ሰበዝ»ን የጻፈው ደራሲ ነው። በድርሰቶቹ ተጓዥ ገዳም ፍለጋ ይወጣል፤ ምሥጢር አለ፣ ጥንታዊ ጥበብ አለ፣ በየመንገዱ ደግሞ በስሙ የሚጠራ ዛፍ አለ። ቅሬታዬን ልናገር፦ ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ዛፉን ይጋርደዋል። አንባቢው የሚሮጠው ወደተደበቀው ነገር ነው፤ ወይራውንና ጥዱን እንደ ቅኔው ሰም ያልፈዋል። ተመራማሪው ዓለማየሁ የሚያውቀውን ደራሲው ዓለማየሁ አንድ ቀን ያለ ምሥጢር፣ እንዲሁ ቢጽፍልን የፈለግነው መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ግን በጣም የቀረበው እሱ ነው፤ በአንድ እጁ ቆጠራ፣ በሌላው ትርጓሜ ይዟልና።

ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከገብሱ ማሳ በላይ፣ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ አናት አለ። አስታውና የጓሳ ሣሩ እዚያ ነው፤ ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት የቀይ ቀበሮዎች ጥቂት ቤተሰቦች አይጥ ያድናሉ። ቦታው በአካባቢው ሕዝብ የሚጠበቅ ነው። በሰሜን ወሎ ደጋ የቀይ ቀበሮ ክትትል የሚሠሩት ከዚያው አካባቢ የወጡ ሰዎች ናቸው። ሥራቸው መሄድ፣ ማየትና መመዝገብ ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያዩትን ብዛት፣ ግልገል እንዳለ፣ ውሻ እንደገባ። በዚያ መዝገብ ምሳሌ የለም፤ ማንንም አያወድስም፣ ወደ ምንም አይሻገርም። ከሐተታው ዋሻ ጀምሮ ሲፈለግ የነበረው ሰም፣ ብቻውን ተጽፎ፣ እዚያ ተቀምጧል። የቀረው ፍልስፍናው ነው። የዩኒቨርሲቲው ልጅ የጽሑፍ ሥራው ሲታዘዝ ወደ ዋልደን ኩሬ ከመሄዱ በፊት ከእንዲህ ያለ ጠባቂ ጋር አንድ ክረምት ቢውልና ማታ ማታ ለአንድ ቅኔ አዋቂ ያየውን ቢነግር፣ አስነጋሪው ምን ብሎ እንደሚመልሰው ማየት እፈልጋለሁ።